አንድ ክፍል ቤተ መጻሕፍት ለሁሉም የትምህርት ዓይነቶች እንዴት ሊያገለግል ይችላል? ከአንዲት መምህርት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎ በአጭሩ ይህ ነው። በአንዲት የወረዳ ከተማ ባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምራሉ፤ ዘንድሮ ክፍለ ጊዜዎ ተቀንሶ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊነት ተሰጥቶዎታል። ትምህርት ቤቱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 1,400 ያህል ተማሪዎችን በሁለት ፈረቃ ያስተምራል። ቤተ መጻሕፍቱ 40 ሰው የሚያስቀምጥ አንድ ክፍል ሲሆን፣ መደርደሪያዎቹን የሞሏቸው በስጦታ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትና የቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት የመማሪያ መጻሕፍት ናቸው። ኢንተርኔት የሌላቸው ስድስት ኮምፒዩተሮችም አሉ። ተማሪዎቹ የሚመጡት የራሳቸውን ደብተር ለማጥናት ብቻ እንደሆነና ከመደርደሪያ መጽሐፍ የሚያነሣው በቀን ከአምስት እንደማይበልጥ ገልጸው፣ «በትንሽ በጀት ይህ ክፍል ለሁሉም የትምህርት ዓይነቶች እንዲጠቅም ከየት ልጀምር?» ብለው ጠይቀዋል።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁ፣ መጀመሪያ የራሴን ስሕተት ልንገርዎ። ሥራውን በጀመርኩበት ትምህርት ቤት በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተረክቤ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ማኅተም በመምታት፣ ቁጥር በመለጠፍና በመደርደር አሳለፍኩት። በዓመቱ መጨረሻ የውሰት መዝገቡን ስገልጥ ግን የተወሰዱት እነዚያው ጥቂት አጋዥ መጻሕፍት ብቻ ነበሩ። እኔ እያንዳንዱ መጽሐፍ የቆመበትን ቦታ አውቅ ነበር፤ የትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ገጽ፣ ለየትኛው ምዕራፍ እንደሚያገለግል ግን እኔም፣ መምህሩም፣ ተማሪውም አናውቅም ነበር። የፊዚክስ የቤት ሥራ ይዞ የመጣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ለኮሌጅ የተጻፈ ከ900 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ቢሰጡት ማውጫውን አገላብጦ መልሶ ያስቀምጠዋል። «ይህን ያህል ገጽ ብቻ አንብብ፤ የዛሬው ትምህርትህ እዚህ ላይ በሌላ ምሳሌ ተብራርቷል» ቢሉት ግን ቁጭ ብሎ ያነብበዋል። ስለዚህ ለጥያቄዎ ያለኝ ዋና መልስ፣ ሥራዎን ከመርሐ ትምህርቱ ጀምረው ወደ መደርደሪያው ይምጡ የሚል ነው። መጽሐፍ መግዛት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ይህን በተግባር የሚያውሉበትን መንገድ «የምዕራፍ ወረቀት» ብዬ እጠራዋለሁ። በግማሽ ገጽ ላይ የትምህርቱ ዓይነት፣ ክፍሉ፣ የምዕራፉ ርእስና ምዕራፉ የሚጀመርበት ሳምንት ይጻፋል። ከሥሩ በቤተ መጻሕፍትዎ ካሉት መጻሕፍት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ፣ ከነመደርደሪያ ቁጥራቸውና ከነገጻቸው ይሰፍራሉ፤ በእያንዳንዱ አንጻር መጽሐፉ ለምን እንደሚጠቅም አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመራል። ለምሳሌ ለ9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ የኬሚካል ቦንዲንግ ምዕራፍ፣ «ሥዕሎቹ ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚተላለፍና እንደሚጋራ ለይተው ያሳያሉ፤ ጽሑፉ ከበዳችሁ ሥዕሎቹን ብቻ ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ጋር አስተያዩ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ከሙሉ ካታሎግ ይልቅ ተማሪውን ትመራዋለች። የወረቀቱ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ፣ ሌላው በየክፍሉ ሰሌዳ አጠገብ ይለጠፋል፤ ሦስተኛው ለመምህሩ ይሰጣል።

ይህን ብቻዎን ለመሥራት እንዳይሞክሩ አጥብቄ እመክራለሁ። እርስዎ የጂኦግራፊውን በሚገባ ይሠሩታል፤ የኬሚስትሪው ገጽ ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ግን የኬሚስትሪ መምህሩ ነው። የየትምህርት ክፍሉ ተጠሪ በሳምንት አንድ ባዶ ክፍለ ጊዜውን መደርደሪያው ፊት እንዲያሳልፍ በርእሰ መምህሩ በኩል ያስፈቅዱ። ሁሉንም ክፍል በአንድ ጊዜ ለመሸፈን አይነሡ። ፈቃደኛ ከሆኑ ሁለት የትምህርት ክፍሎች ጋር፣ ለ9ኛና ለ11ኛ ክፍል የአንድ ሴሚስተር ምዕራፎችን ብቻ ይጨርሱ። እነዚህን ሁለቱን ያስቀደምኩበት ምክንያት አለኝ። 9ኛ ክፍል የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ነው፤ 11ኛ ክፍል ደግሞ ተማሪዎች በተፈጥሮ ሳይንስና በማኅበራዊ ሳይንስ የሚለዩበት፣ የትምህርቱም ጥልቀት በአንድ ጊዜ የሚጨምርበት ነው። 12ኛ ክፍል ላይ ሲደርሱ ለመጀመር ጊዜው አጭር ነው።

ወረቀቱን ስታዘጋጁ መደርደሪያውም አብሮ መጽዳት አለበት። የስጦታ መጻሕፍት ሲመጡ እንደ በረከት ስለምንቀበላቸው መለየት እንፈራለን፤ ሆኖም ለሌላ አገር የታክስ ሕግ የተዘጋጀ መጽሐፍ፣ ጊዜው ያለፈበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም መመሪያ ወይም የአንድ ርእስ 60 ቅጂ ቦታ ይዞ ሲቀመጥ፣ ተማሪው የሚፈልገው መጽሐፍ በመካከል ይሰወራል። ተሰብስበው የሚወጡት መጻሕፍት የመንግሥት ንብረት በመሆናቸው በቃል ትእዛዝ አይወገዱም፤ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ዝርዝራቸው በቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ በንብረት አወጋገድ ደንቡ መሠረት ይፈጸማል። ለመጀመሪያው ጊዜ ከክፍሉ አውጥቶ በመጋዘን ማስቀመጥ ይበቃል። የቀድሞውን ሥርዓተ ትምህርት የመማሪያ መጻሕፍት ግን በጅምላ አያውጧቸው። የሒሳብና የፊዚክስ መልመጃዎቻቸው ዛሬም ይሠራሉ፤ ከየክፍሉ አምስት አምስት ቅጂ አስቀርተው፣ ሽፋናቸው ላይ «ለመልመጃ ብቻ፤ የአሁኑ መማሪያ አይደለም» የሚል ወረቀት ይለጥፉባቸው። ይህ ካልተደረገ የ9ኛ ክፍል ተማሪ አሮጌውን መጽሐፍ እንደ አሁኑ ቆጥሮ የሌለ ምዕራፍ ሲያጠና ይከርማል። የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መማሪያ መጽሐፍ በተመለከተ፣ ለተማሪዎች ከሚታደለው ውስጥ ከእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነትና ክፍል ቢያንስ አምስት ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ እንዲቀር ይጠይቁ፤ የመምህሩ መምሪያ አንድ ቅጂም በማስተናገጃ ጠረጴዛዎ አጠገብ ይኑር።

አሁን ሰፋ አድርጌ ልናገርበት ወደምፈልገው ጉዳይ፣ ወደ ቋንቋው ልምጣ። በአንዳንድ ክልሎች ተማሪው እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም ትምህርት በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይለወጥበታል። ባየሁት ልምድ፣ «ፊዚክስ ይከብደኛል» ከሚሉት ተማሪዎች ብዙዎቹን የሚከብዳቸው ፊዚክሱ የተጻፈበት ዐረፍተ ነገር ነው። ችግሩን የሚያብሰው ደግሞ፣ በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ አንድ ትርጉም ያላቸው ቃላት በትምህርቱ ውስጥ ሌላ ትርጉም መያዛቸው ነው። «ወርክ» የሚለውን ቃል ተማሪው ሥራ ብሎ ያውቀዋል፤ በፊዚክስ ግን እንስራ ተሸክማ ለአንድ ሰዓት ሳትንቀሳቀስ የቆመች ልጅ ምንም «ወርክ» አልሠራችም፤ ኃይሉ ወደተደረገበት አቅጣጫ ርቀት አልተጓዘምና። «ዲማንድ» በኢኮኖሚክስ መፈለግ ብቻ አይደለም፤ መፈለግና ለመክፈል መቻል በአንድነት ነው። መዝገበ ቃላት ብቻ የሰጡት ተማሪ እነዚህን ልዩነቶች አያገኛቸውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛው፣ ለቋንቋ ተማሪዎች ታስበው የተዘጋጁ፣ ፍቺያቸው በቀላል እንግሊዝኛ የሆነና የአጠቃቀም ምሳሌ የያዙ መዝገበ ቃላት ቢያንስ አሥር ይኑሩዎት፤ ከአሥር የተለያዩ መዝገበ ቃላት አሥር ቅጂ የአንዱ ይሻላል፤ መምህሩ ለክፍሉ በሙሉ አንድ ገጽ ማስገለጥ ይችላልና። ሁለተኛው ያለ ምንም ወጪ የሚሠራ ነው፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት አንድ ትልቅ ደብተር ይመድቡና ሦስት ዐምድ ያስምሩበት፤ በመጀመሪያው የእንግሊዝኛው ቃል፣ በሁለተኛው ከመማሪያ መጽሐፉ የተገኘው ፍቺ፣ በሦስተኛው ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ተመካክረው በአማርኛ የጻፉት ማብራሪያ ይሰፍራል። የላይኛው ክፍል ተማሪዎች የጻፉትን ደብተር የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ወረፋ ይዘው ሲያነቡት አይቻለሁ። ማብራሪያው በእነርሱ አነጋገር ስለተጻፈ ይገባቸዋል፤ ለጻፉትም ተማሪዎች ከማንኛውም ክለሳ የሚበልጥ ነው። ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ደግሞ፣ በደረጃ የተቀለሉ የእንግሊዝኛ ልቦለዶች በስጦታው ክምር ውስጥ ካሉ ይለዩዋቸውና ለብቻቸው፣ በሩ አጠገብ ይደርድሯቸው፤ ቀጫጭን ስለሆኑ ተማሪው ይጨርሳቸዋል፤ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የጨረሰ ልጅ ደግሞ ሁለተኛውን አይፈራም።

በተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርቶች የቤተ መጻሕፍቱ ትልቁ እገዛ የላቦራቶሪን ክፍተት በከፊል መሙላት ነው። የአሜሪካው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው «ፌት» የተባሉ ማሳያዎች በነፃ የሚገኙና አንድ ጊዜ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ናቸው። ተማሪው በኮምፒዩተሩ ላይ ባትሪና አምፖል አገናኝቶ ሰርኪት ይሠራል፤ ጋዝን አሙቆ ግፊቱ ሲጨምር ያያል፤ የፈሳሾችን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነታቸውን መጠን፣ ይለካል። ስድስት ኮምፒዩተር ለ1,400 ተማሪ ትንሽ ቢመስልም፣ መምህሩ ክፍሉን በቡድን ከፍሎ ቢያመጣቸውና እያንዳንዱ ቡድን አንድ የተወሰነ ጥያቄ ይዞ ቢመጣ በቂ ነው። ያለ ጥያቄ የገባ ቡድን ግን ቁልፍ ሲነካካ ክፍለ ጊዜው ያልቅበታል፤ ስለዚህ ጥያቄው አስቀድሞ በምዕራፍ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ለንባብ ደግሞ ሲያቩላ የተባለው የደቡብ አፍሪካ የትምህርት ድርጅት ለ10ኛ፣ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ያዘጋጃቸው የሒሳብና የፊዚካል ሳይንስ መጻሕፍት በነፃ የሚገኙና ማባዛት የተፈቀደባቸው ናቸው። በደረጃቸው ለእኛ ተማሪዎች የሚቀርቡ በመሆናቸው፣ ለኮሌጅ ተጽፈው በኢንተርኔት በነፃ ከሚገኙት ከታወቁት የኦፕንስታክስ መጻሕፍት አስቀድሜ እመክራቸዋለሁ። የኦፕንስታክሶቹ ለመምህራንና ከሌሎቹ ቀድመው ለሄዱ ተማሪዎች ይሆናሉ።

ሒሳብ ብዙ መጽሐፍ አይፈልግም፤ ብዙ ወረቀትና አንድ ሰሌዳ ይፈልጋል። በአንድ ጥግ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ይስቀሉና የሒሳብ መምህራኑ በየሰኞው አንድ ጥያቄ ይጻፉበት፤ መፍትሔውን ተማሪዎች በሳምንቱ ውስጥ በወረቀት ያስገባሉ።

በእርስዎ ትምህርት፣ በጂኦግራፊ፣ ከመጽሐፍ በላይ የሚያስፈልግዎ ካርታ ነው። ቀድሞ የካርታ ሥራዎች ድርጅት ይባል የነበረው፣ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ያለው ተቋም ያዘጋጃቸው የ1:50,000 መልክዐ ምድራዊ ካርታዎች አሉ። ትምህርት ቤታችሁ ያለበትን አካባቢ የያዘውን አንድ ቅጠል በደብዳቤ ጠይቀው ያስገዙ። በዚያ ካርታ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር በምድር ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ አንዱ ቅጠል በየጎኑ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን ብዙዎቹ ተማሪዎች ቀበሌያቸውን፣ ወንዛቸውንና የሚወጡትን ዳገት ያገኙበታል። እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው ኮንቱር መስመር ምን እንደሆነ ለወራት ያልገባው ልጅ፣ በየቀኑ የሚወጣው ዳገት ላይ መስመሮቹ ተጠጋግተው ሲያያቸው በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል።

የሕዝብ ቆጠራ ውጤቶችም ለጂኦግራፊ፣ ለኢኮኖሚክስና ለሒሳብ በአንድነት የሚያገለግሉ ናቸው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የአገራችን ሕዝብ 53.5 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 73.75 ሚሊዮን ያህል ሆኗል። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል 12 ዓመት ተኩል ያህል አለ። እነዚህን ቁጥሮች ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሰጥታችሁ ዓመታዊውን የዕድገት መጠን በሎጋሪዝም እንዲያሰሉት ብታደርጉ፣ 2.6 በመቶ ገደማ ያገኛሉ። ከዚያ በኋላ ቆጠራ ስላልተደረገ፣ ዛሬ የሚነገረው የሕዝብ ብዛት ሁሉ ግምት እንደሆነና ግምቱ እንዴት እንደሚሠራ ራሳቸው ይረዱታል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርትም በነፃ የሚገኝ ሰነድ ነው፤ ሙሉውን ማተም ሳያስፈልግ፣ ስለ ዋጋ ንረትና ስለ ወጪ ንግድ የሚያሳዩትን ሰንጠረዦች ብቻ አትሞ በኢኮኖሚክስ ማኅደር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል።

ታሪክ ላይ ተማሪዎችን ደጋግሞ የሚያደናግራቸው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ዐድዋን በአማርኛው መጽሐፍ 1888፣ በእንግሊዝኛው 1896 ሆኖ ሲያገኙት አንዱ የተሳሳተ ይመስላቸዋል። የታሪክ ምሁሩ የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ በእንግሊዝኛው ሁለተኛ እትም ርእስ ላይ ከ1855 እስከ 1991 ሲል፣ የአማርኛው ከ1847 እስከ 1983 ይላል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻውን አንድ ትምህርት ነው። በመደርደሪያው ላይ «ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ባለው ጊዜ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስምንት ዓመት ይጨመራል» የሚል ማስታወሻ ይለጥፉ፤ በመባቻዎቹ አካባቢ ያሉት ጥቂት ቀናት ጥንቃቄ እንደሚሹ መምህሩ ያስረዳቸዋል። ለአፍሪካ ታሪክ ደግሞ ዩኔስኮ ያሳተመው አጠቃላይ የአፍሪካ ታሪክ በነፃ ይገኛል፤ አክሱም በሁለተኛው ቅጽ፣ ከ1880 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ያለው የቅኝ ግዛት ዘመን በሰባተኛው ቅጽ ውስጥ ስላሉ፣ ከእነዚያ ቅጾች የሚመለከታቸውን ምዕራፎች ብቻ ለይታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ለዜግነት ትምህርት 106 አንቀጾች ያሉት ሕገ መንግሥት ራሱ በበቂ ቅጂ መኖር አለበት፤ ተማሪዎች ስለ እርሱ የተጻፈውን ብቻ እያነበቡ ጽሑፉን ሳያዩት ሲመረቁ አዝናለሁ።

አማርኛ የመግቢያ ፈተና ውስጥ ስለሌለ በበጀት ጊዜ ይዘነጋል፤ ይህን እንዲከላከሉ እለምንዎታለሁ። ማንበብን ልማድ የሚያደርገው ተማሪው በሚገባው ቋንቋ የወደደው መጽሐፍ ነው። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት አንድ ቅጂ፣ ከእርሱም ጋር ጥሩ ጥሩ ልቦለዶችና የግጥም መጻሕፍት ይኑሩ፤ ተበጣጥሰው ሲያገኟቸው አይዘኑ፤ በብዙ እጅ የተነበቡ መሆናቸውን ያሳያልና፣ ጠግነው ይመልሷቸው።

ፈተናን በሚመለከት፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ ወዲህ ወላጆችም ትምህርት ቤቶችም ቤተ መጻሕፍቱን የቀድሞ ፈተናዎች ማከማቻ እንዲሆን ብቻ ይፈልጉታል። የቀድሞ ፈተናዎች ያስፈልጋሉ፤ አያያዛቸው ግን ይለወጥ። በዓመት ብቻ ከተጠረዙ ተማሪው ያልተማረውን ሁሉ ይሞክርና ተስፋ ይቆርጣል። መምህራኑ ጥያቄዎቹን በምዕራፍ ቢከፋፍሏቸው፣ ምዕራፉ እንዳለቀ ተማሪው የዚያን ምዕራፍ ጥያቄዎች ብቻ ይሠራል፤ ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የወጡትንም በዚያው ይለዩአቸዋል። በቴሌግራም የሚዘዋወሩ መልሶችን ሳያጣሩ አያስቀምጡ፤ ብዙ ስሕተት አግኝቼባቸዋለሁ። እያንዳንዱ የመልስ ወረቀት በትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ታይቶ ፊርማ ይኑርበት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተፈታኞች የተወሰኑት በኮምፒዩተር መፈተን ስለጀመሩ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በመዳፊት (በማውስ) መልስ መምረጥንና ወደኋላ ተመልሶ ማረምን በእነዚያ ስድስት ኮምፒዩተሮች ላይ ቢለማመዱ መልካም ነው።

ኢንተርኔት አለመኖሩ እንደሚያስፈራው ከባድ እንቅፋት አይደለም። «ኪዊክስ» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ውክፔዲያን በፋይል አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ ሙሉው የእንግሊዝኛ ውክፔዲያ ከነሥዕሎቹ ከ100 ጊጋ ባይት በላይ ስለሆነ፣ ለአሮጌ ኮምፒዩተሮች ተመርጠው የተዘጋጁትን አነስተኛ ጥራዞች ይውሰዱ። «ኮሊብሪ» የተባለው ደግሞ በኢንተርኔት በነፃ የሚያስተምረውን የካን አካዳሚን ቪዲዮዎችና መልመጃዎች እንዲሁም ፌትን በአንድ ቦታ አሰባስቦ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ያስቀምጥና፣ ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች በውስጥ ኔትወርክ እንዲጠቀሙበት ያደርጋል። ይህን ሁሉ የማውረጃ ቦታ ካጡ፣ በአቅራቢያችሁ ያለ ዩኒቨርሲቲ የአይሲቲ ክፍልን በደብዳቤ ይጠይቁ፤ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይዘው ይሂዱ። የትምህርት ሚኒስቴር በዲጂታል መልክ ያዘጋጃቸውን የመማሪያ መጻሕፍትም በዚያው ያስቀምጡ፤ የመጽሐፍ እጥረት ባለበት ትምህርት ቤት ስልክ ያላቸው ተማሪዎች ቀድተው ሊወስዷቸው ይችላሉ። ፍላሽ በየኮምፒዩተሩ እንዲሰካ ግን አይፍቀዱ፤ ቫይረስ አንድ ቀን ከገባ ስድስቱም ይቆማሉ። ቅጂ የሚሰጥ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ይኑር፤ በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ።

አደረጃጀቱ ላይ፣ መጻሕፍትን በትምህርት ዓይነት ቁጥር የሚሰጠውን የዲዊን የዐሥርዮሽ አመዳደብ ከነዝርዝሩ መጠቀም አያስፈልግም፤ ሦስቱ አኃዞች ይበቃሉ። 330 ኢኮኖሚክስ፣ 510 ሒሳብ፣ 530 ፊዚክስ፣ 540 ኬሚስትሪ፣ 570 ባዮሎጂ፣ 910 ጂኦግራፊ፣ 963 የኢትዮጵያ ታሪክ መሆኑን በትልልቅ ፊደል ጽፈው ይለጥፉ። ኢትዮጵያውያን ደራስያንን በራሳቸው ስም እንጂ በአባታቸው ስም አይመዝግቧቸው፤ ከውጭ በመጡ ፕሮግራሞች የተሠሩ ካታሎጎች ይህን ገልብጠው ደራሲውን ከአንባቢው ይሰውሩታል። የፊደላቱንም ነገር ከመጀመሪያው ይወስኑ፤ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በድምፅ አንድ ስለሆኑ፣ አንዱ ተማሪ «ሥነ ሕይወት» ሌላው «ስነ ህይወት» ብሎ ይፈልጋል። የመጽሐፉን ርእስ ደራሲው እንደጻፈው ይመዝግቡ፤ በኮምፒዩተሩ መዝገብ ውስጥ ግን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል አንድ ተጨማሪ ዐምድ ከፍተው ርእሱን ወጥ በሆነ ፊደል ይድገሙት።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ቤተ መጻሕፍቶቻችንን የዘጋቸውን ነገር ላንሣ፤ እርሱም ፍርሃት ነው። መጽሐፍ ሲጠፋ ከኃላፊው ደመወዝ ይቆረጣል፣ ወይም ሲዛወር ክሊራንስ ይከለከላል የሚል ሥጋት ስላለ፣ ብዙ ባልደረቦቼ መጽሐፉ ከሚነበብ ይልቅ ተቆልፎ ቢቀመጥ ይመርጣሉ። አልፈርድባቸውም። እርስዎ ግን ሥራውን ሲረከቡ ከርእሰ መምህሩና ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ጋር ተቀምጠው፣ በዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ በአገልግሎት ሊጠፋ ወይም ሊያልቅ እንደሚችል የሚቀበል ቃለ ጉባኤ ያስፈርሙ፤ የጠፋበት ተማሪ የሚተካበትንም መንገድ በዚያው ይወስኑ። ይህ ወረቀት ሳይኖር ውሰት አይጀምሩ፤ ካለ ግን ሳይፈሩ ያውሱ።

የውሰቱ ጊዜ ከተማሪዎቻችሁ ኑሮ ጋር ይስማማ። በወረዳ ከተሞች ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ብዙዎች ናቸው፤ ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ እሑድ ማታ ይመለሳሉ። የሁለት ቀን ውሰት ለእነርሱ አይመችም፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ወይም ከዓርብ እስከ ሰኞ ቢሆን ይሻላል። የተከራዩት ቤት መብራት ላይኖረው ስለሚችል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ተከፍቶ ቢቆይ ከማንኛውም ግዢ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ሴቶች ተማሪዎች መሽቶባቸው ለመመለስ ስለሚቸገሩ፣ የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች በሚለቀቁበት ሰዓት የተወሰኑ ወንበሮች ለእነርሱ ይያዙላቸው። ሁለቱ ፈረቃዎች እኩል እንዲጠቀሙ፣ የጠዋቱ ከሰዓት፣ የከሰዓቱ ጠዋት የሚገቡበት ሰዓት በግልጽ ይለጠፍ። ደብተር ለማጥናት የሚመጡትንም አያባርሯቸው። ጸጥ ያለ ቦታ ራሱ አገልግሎት ነው፤ የምዕራፍ ወረቀቱ በፊታቸው ከተለጠፈ ደግሞ ከመካከላቸው ብዙዎች ተነሥተው ወደ መደርደሪያው ይሄዳሉ።

በጀቱን በሚመለከት፣ ከትምህርት ቤቱ ድጎማ የሚደርሳችሁ ገንዘብ ትንሽ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ያውጡት፤ መጀመሪያ መዝገበ ቃላቱን፣ ቀጥሎ ሃርድ ዲስኩን፣ ከዚያ ካርታውንና የማተሚያ ወረቀቱን፣ በመጨረሻ አዳዲስ አጋዥ መጻሕፍትን። አጋዦቹን ወደ መጨረሻ የገፋኋቸው ይጠቅማሉ ብዬ ስለማላምን ሳይሆን፣ የትኛውን መግዛት እንዳለባችሁ ዛሬ ስለማታውቁ ነው። ይህን ለማወቅ በማስተናገጃ ጠረጴዛዎ ላይ አንድ ደብተር ያስቀምጡና፣ ተማሪ ወይም መምህር ጠይቆ ያጣውን ነገር ሁሉ በቀኑ፣ በክፍሉና በትምህርቱ ይመዝግቡበት። በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ተመሳሳይ ርእስ በተደጋጋሚ ሲጠየቅ ያገኙታል። የግዢ ጥያቄዎን ለርእሰ መምህሩ ሲያቀርቡ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ አስቀድመው ይህን ደብተር ያሳዩዋቸው።